አሰግድ ቀድሞ የተሳፈረ ቀን

1

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?» አለ አሰግድ።

«ሁለት ሰዓት» አለ መንበሩ።

አውቶቡሱ የሚነሳው በአንድ ሰዓት ነበር።

2

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። መንበሩ የናዝሬቱ ሳሙና ፋብሪካ የእግር ኳስ ቡድን አምበል ነው፤ ዘመኑ የንጉሡ፣ የስልሳዎቹ መጀመሪያ። አሰግድ የግራ ክንፍ ተጫዋቹ፣ ደግሞም የልጅነት ጓደኛው ነው። ሲያገባ ሚዜ የሆነውም መንበሩ ነበር። ሰው ሚዜውን ካላመነ ማንን ያምናል?

ቁጥሮቹ የምዕራፍ እንዳይመስሏችሁ። የማሊያ ናቸው። እስከ አስራ አንድ ይሄዳሉ፤ አስራ አንድ የአሰግድ ነው።

3

ቡድኑ የዓመቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸነፈ። ምክንያቱ ሩቅ አልነበረም፦ ተከላካዮቹ ቅዳሜ ማታ እየጠጡ እሁድ ሜዳ ላይ ያንቀላፋሉ። ግን ይህን ማን ደፍሮ ይናገር? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ተጀመረ። ነገሩን ያመጡት ሹፌሩ ጋሽ ጎበና ናቸው።

«ልብ ብላችኋል?» አሉ። «አሰግድ ቀድሞ የተሳፈረ ቀን ቀንቶን አያውቅም። ልጁ ገደ ቢስ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። መንበሩም አብሮ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ «ኧረ ተዉ!» የሚል ሰው ተጠበቀ።

4

ዝም።

5

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት! የመንበሩ ዝምታ በሳምንቱ ሸተተ። «አንተ ወዳጁ ነህ፣ አንተው ንገረው» ብለው ላኩት። እንግዲህ ወዳጅን «ገደ ቢስ ነህና ቅር» እንዴት ይሉታል? ሰዓት መዋሸት ቀለለው። ለአንዲት እሁድ ብቻ፣ ብሎ።

አሸነፉ።

ምነው ባላሸነፉ!

6

ደገሙ። ሠለሱ። ናዝሬት አበደች፤ ደጋፊው «አጥበን እናሰጣችኋለን!» እያለ ይጨፍራል። አስራ አንድ ቁጥር ማሊያ ከነእጥፋቱ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል። መንበሩ ጎል ሲያገባ ተሸክመው ያዞሩታል፤ እሱ ግን የሰረቀ ሰው ያህል ያፍራል። በየሳምንቱ ሊናገር ይነሳል፣ በየሳምንቱ ይውጠዋል።

7

ሰኞ።

አሰግድ፦ መኪናው አመለጠኝ እኮ።

መንበሩ፦ ምን ይደረግ።

ሰኞ።

አሰግድ፦ አሁንም አመለጠኝ።

መንበሩ፦ አይዞህ።

ሰኞ።

አሰግድ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ።

«ያለን» አላለም።

8

የመጨረሻው ጨዋታ ዋዜማ። ዋንጫው አፍንጫቸው ሥር ነው። በዚያው ሰሞን የአሰግድ ሚስት አልጋነሽ ወልዳ ነበርና መንበሩ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል ሄደ። አሰግድ ደጃፉ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ምነው ውጭ?»

አልጋነሽ ከውስጥ ቀደመችው። «እስቲ አንተ ጠይቅልኝ! ልጁን አንድ ቀን እንኳ አቅፏት አያውቅም።»

አሰግድ አቀረቀረ። «አውቶቡሱ ሲወጣ ጥግ ቆሜ አያችሁ ነበር» አለ። «እውነተኛውን ሰዓት ካወቅሁት ቆይቷል። እኔ ስቀር ታሸንፋላችሁ። ታዲያ ይህን ገዴን ይዤ ልጄን ልንካት?»

9

መንበሩ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «ገድ ምናምን የለም! ፈርቼ ነው የዋሸሁህ። እኔ ነኝ የበደልኩህ!»

«አሸነፋችሁ እኮ።»

መንበሩ ድንጋዩ ላይ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ነገ በአንድ ሰዓት ነው» አለ በመጨረሻ። «ከሁሉ ቀድመህ ትሳፈራለህ። ዋንጫውን ይዘን እንመጣና ልጅህን ታቅፋለህ።»

ይህን ሞኝ እዩልኝ! የጓደኛውን ልጅ በኳስ አስያዘ።

10

ተሸነፉ።

አሰግድ እንደዚያን ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ጎሉ የገባው በመንበሩ ጥፋት ነው፤ ኳሷን ለበረኛው እመልሳለሁ ብሎ ለባላጋራ አቀበላት። ሁሉም በዓይናቸው አይተዋል። አውቶቡስ ውስጥ ግን ዓይን ሁሉ አሰግድ ላይ ነበር።

«አላልኳችሁም?» አሉ ጋሽ ጎበና።

ያኔ መንበሩ ብድግ አለ። «ኳሷን የሰጠሁት እኔ ነኝ! ሰዓት እየዋሸሁ ያስቀረሁትም እኔ ነኝ! እሱ ምን አደረገ?» ብሎ ጮኸ። አሰግድ በመስኮቱ መንገድ መንገዱን ያያል።

ሲመሽ አብረው ቤቱ ደረሱ። አልጋነሽ ውጤቱን ሰምታለች፤ ሕፃኗን ይዛ ደጅ ቆማለች። መንበሩ ተቀበላትና ወደ አሰግድ ዘረጋት። አሰግድ እጆቹን ወደኋላ አጣምሯል።

«እባክህ» አለው መንበሩ። «እባክህ ወንድሜ።»

ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። መንበሩ ክንዱ ቢዝልም እንደዘረጋት ቆመ።

11

ይህ የአሰግድ ቁጥር ነው፤ እጆቹ እስኪዘረጉ ድረስ ባዶ ትቼዋለሁ።