ቤቲቱን የጠየቁ ሽማግሌዎች

ሁመይራ በገዛ ቤቷ ውስጥ ሻሽ አስራ ጥርሷን መቦረሽ ከጀመረች ሰነበተች። ምክንያቱ የአፓርታማው የጥገና ሠራተኛ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሯን ለቅቃ፣ ጭልፋ እንደ ማይክሮፎን ጨብጣ የሰርግ ዘፈን ስታቀልጠው ሰውየው የጭስ ማስጠንቀቂያውን ሊያይ ከፍቶ ገባ። አላንኳኳም። ጀርባዋን ሰጥታው ስለነበር ዘፈኑን እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቀና አጨበጨበላት።

ቢሮ ሄዳ አቤት ብትል ውሏን ዘርግተው አሳዩዋት። «ሠራተኞቻችን በማንኛውም ሰዓት ይገባሉ» ይላል። ከሥሩ የራሷ ፊርማ አለ። ሳታነብ ነበር የፈረመችው።

ስለዚህ ቤት ፍለጋ ወጣች። ከሌዊስቪል እስከ ዳላስ ድረስ ያልረገጠችው የኪራይ ቢሮ የለም። «ውሉ ስለ መግባት ምን ይላል?» ስትላቸው መዋኛውን ያሳዩዋታል። ደግማ ስትጠይቅ የውሻ ማጠቢያውን ያሳዩዋታል። ሆስፒታል አብራት የምትሠራው ልዩ፣ «ስሚ፣ እዚህ ውሉ ላይ ያልተጻፈ ነገር አያድንሽም። ሶ፣ ከመፈረምሽ በፊት አስጽፊያ!» አለቻት። ለልዩ ቀላል ነው። ሁመይራ ግን ምግብ ቤት ያላዘዘችው ሲመጣላት አመስግና የምትበላ ሰው ናት።

በመጨረሻ ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር ውስጥ ልቧ የወደደውን ቤት አገኘች። ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ መስኮቱ ላይ ትልቅ ዛፍ ተንጠራርቷል። የኪራይ ቢሮው ኃላፊ ዳርላ የምትባል፣ ፀጉሯን ወደ ሰማይ የከመረች ሴት ናት። ውሉን ስታይ ያቺው መስመር እዚያም አለች። ሁመይራ «ይቺ ትውጣልኝ» ልትል አፏን ከፈተችና «ምንጣፉ ያምራል» ብላ ወጣች።

ይህን ስትነግራቸው አጎቷ ጋሽ ጀላሉዲን ሊጎርሱት የነበረውን ቴምር መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት።

«ብቻሽን ሄደሽ ጠየቅሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ለመሆኑ ሰው የለሽም?»

ጋሽ ጀላሉዲን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ እዚህ ካሉት የወሎ ልጆች የግማሹን ትዳር ሽማግሌ ሆነው የጠየቁ ሰው ናቸው። ሰኞ ጠዋት ጓደኞቻቸውን ጋሽ ጳውሎስንና ጋሽ ንዋይን አስከትለው፣ ሦስቱም በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰው ዳርላ ቢሮ ደረሱ። ሁመይራ ልታስተረጉም ከኋላቸው ገባች።

«ቁጭ በሉ!» አለች ዳርላ። ማንም አልተቀመጠም። «ምነው? ወንበሩ ቆሽሿል?»

«ማለቴ... ባህላችን ነው» አለች ሁመይራ መሬት መሬት እያየች። «የመጡበት ጉዳይ እሺ እስኪባል አይቀመጡም።»

ጋሽ ጀላሉዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ላይኛው ፎቅ ያለችውን ቤትዎን ለልጃችን ልንጠይቅ መጥተናል። ልጃችን ጨዋ ናት። ግድግዳ ላይ ሚስማር አትመታም። ውሻ የላትም፣ ቁጣም የላትም።»

«ቁጣ ቢኖራትማ እኛን ምን አመጣን?» አሉ ጋሽ ጳውሎስ።

«ታዲያ አንዲት መስመር አላማረችንም። ልጃችን ያለችበት ቤት ሰው ዘሎ አይገባም። ከአንድ ቀን በፊት ይነገራት፤ ሲመጡም ያንኳኩ።»

«ውሉን የሚያወጣው ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ኮርፖሬት ነው» አለች ዳርላ። «እኔ ልቀይረው አልችልም። ብስኩት ልስጣችሁ?»

ብስኩቱ በሦስቱ አፍንጫ ሥር አለፈ። ጋሽ ንዋይ በዓይናቸው ሸኙት።

«ጀላሉ፣ ጉልበቴ...» ብለው አንሾካሾኩ።

«ቻለው! ለበራእ ሚስት ስንጠይቅ ከዚህ የበለጠ ቆመናል።»

«ያኔ ጉልበት ነበረኛ!»

በዚህ መሀል ቤት ሊያዩ የመጡ ባልና ሚስት ገቡና ወረፋ መስሏቸው ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተሰለፉ። ከነሱ ኋላ ደግሞ ፖስታ አመላላሹ ቆመ። ዳርላ ሰልፉ በር ላይ ሲደርስ እጅ ሰጠች።

«ኦኬ! ኦኬ! ኮርፖሬትን ልጠይቅ። ነገ ተመለሱ።»

ሁመይራ አለቀልኝ ብላ እያፈረች ተረጎመችው። የሽማግሌዎቹ ፊት ግን በራ።

«አየሽ? ተማክሬ ልንገራችሁ አለች! ወገን ያላት ሴት ናት» አሉ ጋሽ ጀላሉዲን። «ወዲያው እሺ ብትል ነበር የምጠረጥራት።»

ማክሰኞ ተመልሰው ቆሙ። ዳርላ አንድ ገጽ እያውለበለበች መጣች። «ፈቀዱ!»

ጋሽ ንዋይ ወደ ወንበሩ ዝቅ ማለት ጀመሩ። ሁመይራ እስክሪብቶውን ተቀበለች፤ «ቴንኪው» ልትል ነበር። ከዚያ ግን ጭልፋዋ ትዝ አላትና ገጹን እስከ መጨረሻው አነበበችው። «ሠራተኞቻችን ከአንድ ቀን በፊት ያሳውቃሉ፤ ያንኳኳሉም፤ ሲመቻቸው።»

«ጋሽ ንዋይ፣ ይነሱ» አለች።

ጋሽ ንዋይ እያቃሰቱ ተነሱ።

«ሲመቻቸው የሚለው ይውጣ» አለች ሁመይራ፣ ለራሷም በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

«አንድ ቃል ናት እኮ!» አለች ዳርላ። «ምን ታደርግሻለች? ቆይ፣ ደውዬ ልጠይቅ።» ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

ሁመይራ በሩን አየችው። ምን እንደገፋት እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ሄደችና ሳታንኳኳ ከፈተችው። ዳርላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ጠረጴዛ ላይ ሰቅላለች። ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ ባፏ ብስኩት ጎርሳ፣ ባንድ እጇ ፀጉሯ ላይ ስፕሬይ ትነፋለች። ሁለቱም ደርቀው ተያዩ።

«መግባት... ስለተመቸኝ ነው» አለች ሁመይራ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ ስላላወቀች አጨበጨበችላት።

ዳርላ ብስኩቷን ዋጠች። ጆሮዋ ቀላ። በመጨረሻ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችና ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ «ያቺን ቃል እየሰረዝኩ ነው» አለች። ቃሉን ሰርዛ ጎኑ ላይ ፈረመች። ሁመይራም ሌላውን ሁሉ እንደገና አንብባ ፈረመች።

«ተባረኪ! እንግዲህ ዘመድ ሆነናል» አሉ ጋሽ ጀላሉዲን። ጋሽ ንዋይ ንግግሩ እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ ወንበሩ ሲጮህ ተሰማ፤ ብስኩቱም ወደሳቸው ዞረ።

አሁን ሁመይራ አዲሱ ቤቷ ገብታለች። ጋሽ ጀላሉዲን እንኳ ሊጠይቋት ሲያስቡ ከአንድ ቀን በፊት ይደውላሉ፤ ውል ውል ነው ይላሉ። ባለፈው ቅዳሜ ፀጉሯን ለቅቃ፣ ጭልፋዋን ጨብጣ ዘፈኑ መሀል ስትደርስ በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?»

«ጥገና!» አለ አንድ ድምፅ በተዘጋው በር ጀርባ። «የጭስ ማስጠንቀቂያውን ለማየት እመጣለሁ፤ ነገ ነው ግን። ዛሬ ላሳውቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ኦኬ፣ ነገ!» አለችና ካቆመችበት ቀጠለች።