መርፌ ሲባል ሰው ሆነ

ወለላ ሦስተኛ ልጇንም የወለደችው ሳይተነፍስ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ሰባታሚት መንደር፣ ከቤቷ ጓሮ ተቀብረዋል። ዕድርተኛው ድንኳን አልጣለም፤ ጎረቤትም ለቅሶ አልደረሰም። ስታለቅስ ያያት ሁሉ፣ "ክርስትና ላልተነሣ ምኑ ይለቀስለታል?" ይላታል። አይ ሰው! በሬ ለሞተበት እንኳ "እግዜር ይተካልህ" ይባላል።

አሁን ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ ሔራን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

"ለምን እንደሚደጋገምብሽ መመርመር እንችላለን" አለቻት። "የሕፃኑ ሰውነት አይቀደድም። በቀጭን መርፌ ከሳንባው፣ ከጉበቱና ከአንጎሉ ትንሽ ትንሽ እንወስዳለን። ዛሬውኑ ትረከቢዋለሽ። ምክንያቱ ላይገኝም ይችላል፤ አልዋሽሽም።"

አማቷ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ከቆሙበት አማተቡ።

"በስመ አብ! የሰው ሬሳ በመርፌ ሊወጋ? ደልጊ ያለው ዘመድ ቢሰማ ምን ይለናል?"

"የሰው?" ወለላ ተነሥታ ተቀመጠች። "ላለቅስ ስል ሰው አይደለም አላችሁኝ። መርፌ ሲባል ሰው ሆነ? እማማ፣ 'ውኃ ነው፣ ፈሶ ቀረ' ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?"

"ምላስሽ ረዘመ!"

"ይርዘም! ሦስት ወለድሁ፤ ምን እንደገደለብኝ አላወቅሁም። ዶሮ እንኳ ሲታመም ይመረመራል።"

ባሏ ጌትነት ኮሌጅ ያስተምራል፤ ተማሪዎቹን "ለምን ብላችሁ ጠይቁ" ሲል የሚውል ሰው ነው። ወደ እሱ ዞረች። እሱ መስኮቱን ያያል።

"እናቴን አታስቀይሚያት" አለና፣ ባጃጅ ልያዝላት ብሎ እናቱን ይዞ ወጣ።

ወለላ ብቻዋን ፈቀደች። አጠገቧ የተኛችውን አራስ ዘመዶቿ ከበው አጥሚት ያጠጧታል፣ ይስቃሉ። ለወለላ ግን "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ያላት የለም።

ከሰዓት በኋላ ሔራን ሕፃኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣች።

"ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል። ማን ነው የሚረከበው?"

"እኔ።"

ጨርቁን ገለጠች። መርፌው የገባበት ላይ ትንሽ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ሌላ የተነካ ነገር የለውም። የፊተኞቹን ሳታያቸው ነበር የወሰዱባት፤ የዚህን ፊት ግን አየች።

ስልኳ ጮኸ።

"ጨረሱ?" አለ ጌትነት።

"ጨርሰዋል። ናና እየው፤ አፍንጫው ቁርጥ ያንተ።"

የባጃጅ ሞተር ብቻ ይሰማል።

"እናቴን ላድርሳት" ብሎ ዘጋው።

ከጣና በኩል የሚመጣው ነፋስ መጋረጃውን ያርገበግበዋል። ወለላ የልጁን ራስ ሸፈን አደረገችና፣ የምትነግረው ሌላ ሰው ስላልነበራት ለእሱው ነገረችው።

"አባትህን ትመስላለህ። ምን እንደገደለህም ሲነግሩኝ እነግርሃለሁ።"