ሬሳውን የቀደመው ጀልባ

ባሌ ሩበን፣ ዕድሜ ልካችንን ከሰል ባመላለስንበት ጀልባ ላይ፣ ሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ በሸራ ተሸፍኗል። ብራውንስተን መንደር፣ እናት አባቱ ጎን ቅበሩኝ ብሎኛል። ከመንደሩ በላይ ቦዩ ላይ ካሉት ስድስት የውሃ ደረጃዎች አፋፍ ከእህቴ ጋር ስንደርስ መሸብን። ደረጃ የምንለው ጀልባ የሚያስገባ ባለ በር ገንዳ ነው፤ ውሃው ሲለቀቅ ጀልባው አብሮ ይወርዳል። ቄሱ፣ «ጠዋት በሦስት ሰዓት። ካረፈዳችሁ ሌላ ደብር እሄዳለሁ» ብለዋል፤ ሬሳውም ከዚያ በላይ አይቆይም።

የጀልባውን ችካል ሁልጊዜ የሚተክለው ሩበን ነበር። ያን ምሽት መዶሻውን እኔ አነሳሁ። ገመዱን ላላ አድርጌ አሰርኩት። ውሃው ሌሊት ከጎደለ የጠበቀ ገመድ ጀልባ ያዘነብላል፤ ሩበንን ደግሞ ተንጋዶ እንዲያድር አልፈለግኩም።

እንደኛው ከሰል የሚያመላልሰው ጃቤዝ ከኋላችን መጥቶ ጀልባውን አሰረ። ከሩበን ጋር በደረጃዎቹ ወረፋ ተጣልተው ለዓመታት ተኳርፈዋል። እግዜር ያጥናሽ እንኳ አላለኝም።

«ነገ ስንት ሰዓት ትነሺያለሽ?»

«ምን አገባህ? ቀድሜ አስሬያለሁ፣ ቀድሜ እወርዳለሁ።»

«የተኛ ይቀደማል።»

«ሬሳ ልትቀድም? አታፍርም?»

ሳይመልስልኝ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ጎህ ሲቀድ ስነሳ የጃቤዝ ጀልባ የለም። ደሜ ፈላ። ቁልቁል የሚሄድ ጀልባ መግባት የሚችለው ደረጃው በውሃ ሲሞላ ነው፤ ቀድሞ የወረደ ግን ባዶውን ጥሎ ይሄዳል። ስድስቱን ሞልተን እስክንወርድ ቄሱ አይገኙም። እህቴን ሊያን ቀስቅሼ፣ ጃቤዝን ከነዘሩ እየረገምኩ ገመዱን ፈታሁ።

የመጀመሪያው ደረጃ ሞልቶ፣ በሩ ተከፍቶ ጠበቀን። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ሊያ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ግን ንዴቴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ጃቤዝ የመጨረሻው በር ላይ ቆሟል። ጀልባውን ታች አስሮ፣ በእግሩ ተመልሶ ስድስቱንም ብቻውን ሞልቷቸዋል። የበሮቹን መዘውር ሲያዞር መዳፉ ተልጧል።

«ማታ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«እሺ ትይኝ ነበር?»

እሺ አልለውም ነበር።

ቆቡን አወለቀ። «አንድ ቀን እንኳ አሳልፎኝ አያውቅም፣ የተረገመ» አለ። «እኔም አሳልፌው አላውቅ። ይቅር ሳንባባል…»

ሸራውን ገለጥኩ።

«ና ግባ» አልኩት። «የሳጥኑን ራስጌ የምትይዘው አንተ ነህ።»