የከድጃ ቀይ ቁልፎች

ጀሞ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ከተደረደሩት ሱቆች በአንደኛው፣ ከልብስ ሰፊው ከሰዒድ የስፌት መኪና በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ሦስት የሻይ ብርጭቆዎች ተሰልፈው ነበር። ሻይ አይጠጣባቸውም። በአንደኛው ነጭ፣ በሁለተኛው ጥቁር፣ በሦስተኛው ቀይ የሸሚዝ ቁልፎች ይጠራቀማሉ። ደንበኞች ለሽያጭ የተቀመጡ እየመሰሏቸው ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ሰዒድም «አይሸጡም» ብሎ ወደ ስፌቱ ይመለሳል።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ለአነስተኛ ነጋዴዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ አንዲት ወጣት አሠልጣኝ፣ ሰው ሁሉ በየሳምንቱ ለራሱ ግብ እንዲያወጣ፣ መፈጸሙንም በዐይኑ በሚያየው ምልክት እንዲከታተል መክራ ነበር። አብዛኞቹ ሠልጣኞች ምክሩን ከአዳራሹ ሳይወጡ ረሱት። ሰዒድ ግን የተነገረውን አክብሮ የሚይዝ ሰው ነውና ሦስት ግቦችን መረጠ፤ ከቁርኣን ጥቂት ገጾችን ሊያነብ፣ ስልጤ አገር ላሉት እናቱ ሊደውል፣ ከልጁ ከከድጃም ጋር በቀን ብርሃን ተቀምጦ የምትነግረውን ሊሰማ። የተፈጸመ ግብ አንድ ቁልፍ ያስገኛል። ቀዩ የከድጃ ነው።

ከጎኑ ባለው መኪና የሚሠራው አብዶ፣ በዕድሜም በሙያም የሚቀድመው፣ ይህን ባየ ቁጥር ምላሱን አላሳረፈም።

«ሰዒዶ፣ አንተስ ለየልህ። ራስህ ከሳሽ፣ ራስህ ምስክር፣ ራስህ ዳኛ።»

«ታዲያ ማን ይፍረድልኝ፣ ጋሽ አብዶ?»

«እሱን እንጃ። ይኼ ዳኛ ግን ወላሂ ካንተው መሶብ የሚበላ ነው።»

ቀልዱ ባዶ አልነበረም። ሰዒድ ለቡ ካለው ቤቱ የሚወጣው ሰማዩ ሳይገለጥ ነው፤ የሚኒባሱ ሰልፍ ሳይረዝም መድረስ አለበትና። ሲመለስ ከድጃ ተኝታለች። እሑድን የሠርግ ልብስ፣ በዓሉን የበዓል ልብስ ይወስደዋል። ስለዚህ ቀዩ ብርጭቆ ለብዙ ሳምንታት ባዶውን ቆመ። ባዶነቱም ሰዒድን አስጨነቀው። ከጭንቀቱ መውጫው ሁለት ነበር፤ ሥራውን መቀነስ ወይም ግቡን ማቅለል። ሁለተኛውን መረጠ። ሰው በራሱ ላይ ያወጣውን ሕግ ሲሽር የሚቃወመው የለም፤ በዝምታ ይሽረዋል፤ ከሻረውም በኋላ የፈጸመው ይመስለዋል። «ተቀምጦ መስማት» የተባለው «ማየት» ሆነ። አምሽቶ ገብቶ በአልጋዋ አጠገብ ለጥቂት ጊዜ መቆምም ማየት ተባለ። በማግሥቱ አንድ ቀይ ቁልፍ ይጥላል። ብርጭቆው እየሞላ ሄደ።

ናፍቆቱ ግን ፈቀቅ አላለም። ከድጃ ትንሽ ሳለች መኪናው ቤት ውስጥ ነበረ፤ እርሷም ከሥሩ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ በወደቀበት ወለል ላይ ተቀምጣ ስታወራ ትውላለች። የመኪናው ድምፅ ወሬዋን ሲውጥባት ጉልበቱን በጣቷ መታ መታ ታደርጋለች፤ እርሱም መዘውሩን በመዳፉ ያቆመዋል። «አባ፣ ስማኝ እንጂ!» ትለዋለች፤ ይሰማታል። ሱቁን ከተከራየ ወዲህ ጉልበቱን የሚነካው የለም። አንዳንድ ቀን፣ ረዥም ስፌት በሚሰፋበት ጊዜ፣ ማንም ሳይጠራው መዘውሩን በመዳፉ ያቆምና ያዳምጣል። ከዚያ ይቀጥላል።

መስከረም ሲመጣ የደንብ ልብስ ችኮላ ሱቁን አጥለቀለቀው። ሰዒድ ለዚያ ሳምንት አንድ ግብ አወጣ፤ ትምህርት በሚጀመርበት ሰኞ፣ ከድጃን በገዛ እጁ የሰፋላትን አልብሶ፣ እጇን ይዞ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሊያደርሳት። ለባለቤቱ ለሀኒፋ ነገራት።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእሷ ንገራት» አለችው።

«ተኝታለች እኮ።»

«እሺ፣ እነግራታለሁ። እንዳታስዋሸኝ ብቻ።»

ጨርቁን ለመቁረጥ ሲነሣ ልኳ እንደሌለው ተረዳ። ሌላ ልጅ ብትሆን ሜትር እንኳ አያስፈልገውም፤ ከበሩ ስትገባ አይቶ ይቆርጣል፤ ብዙም አይሳሳትም። ከድጃን ግን ቆማ ያያት መቼ እንደ ነበረ ትዝ አላለውም። የሚያውቃት ተኝታ ነው፤ የምትተኛውም ጉልበቶቿን ወደ ደረቷ ሰብስባ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ነው። ዐስቦ ዐስቦ የዓምና ልብሷን ቅድ አወጣ፤ ሁለት ጣት ጨምሮ ቆረጠ፤ ሰፍቶም ከሁሉ ልብስ ለይቶ ሰቀለው።

እሑድ ከቀትር በኋላ ወይዘሮ አማከለች የሦስት ልጆቻቸውን ሱሪ ሊወስዱ ከላፍቶ መጥተው፣ በርጩማው ላይ ተቀምጠው አልነሣም ብለዋል።

«ሰዒድ፣ ሳልይዝ አልሄድም። ብያለሁ!»

«አንድ እግር ብቻ ነው የቀረኝ፣ እትዬ።»

«በአንድ እግር የሚሄድ ልጅ የለኝም።»

አብዶ ሳቀ። በዚያው ቅጽበት ከበሩ የሚገባው ብርሃን ተጋረደ፤ አንዲት ልጅ ነጭ ሻሽ ተሸፋፍና፣ ቦርሳ አንግታ፣ የምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ቆማለች። የቸኮለ ልብስ ሰፊ ፊት አያይም፤ ትከሻ ያያል፤ ክንድ ያያል፤ ከወገብ እስከ ጉልበት ያለውን ያያል። ሰዒድም እንደ ልማዱ ቀና ብሎ አየና ዐይኑን ወደ መርፌው መለሰ።

«ጋሽ አብዶ፣ ያዝልኝማ። እጅጌ አርባ ስምንት፣ ጉርድ ሰባ» አለ። ቀጥሎም ለልጅቱ፣ ለደንበኛ በሚገባው ትሕትና፣ «ዘገያችሁ እኮ እናቴ፤ ለነገ አይደርስም። የማን ልጅ ነሽ?» አላት።

አብዶ መኪናውን አቆመ።

ልጅቱ የምሳ ዕቃውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ወገቧን ያዘችና፣ «የሰዒድ፣ የልብስ ሰፊው። ታውቀዋለህ?» አለች።

ያን ድምፅ ስንት ጊዜ መዘውሩን አቁሞ አዳምጦ አጥቶት ነበር! አሁን ከበሩ ላይ መጥቶ ጠየቀው።

«ኧረ በፈጠረህ! የገዛ ልጅህን?» አሉ ወይዘሮ አማከለች።

«እየቀለደ ነው እኮ፣ እትዬ» አለች ከድጃ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው።»

ቀልድ እንዳልነበረ መናገር በዚያች ደቂቃ የሰዒድ ግዴታ ነበር። አልተናገረም። ልጁ የዘረጋችለትን መከለያ ለበሰና ሳቀ፤ ሳቁም ለራሱ እንኳ አላማረውም።

«እማ ምሳህን ላከች፤ ልብሱንም ለክተሽ ነይ ብላኛለች» አለችው።

ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ለብሳው ወጣች። እጅጌው ከእጅ አንጓዋ በላይ ቆሟል፤ ጉርዱ ጉልበቷን ሊሸፍን አልቻለም። ሰዒድ ተነሥቶ ሜትሩን ዘረጋ፤ የእጇ ርዝመት አርባ ስምንት፣ ከወገቧ የሚወርደው ሰባ ነበር። ላላወቃት ልጅ የተናገረው ልክ እውነተኛ፣ ልጄ ብሎ የሰፋላት ልብስ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ።

«ይበቃኛል አባ» አለች ከድጃ፤ «እጄን ወደ ኋላ አድርጌ እሄዳለሁ።» አሳየችውም።

«አይ፣ አውልቂው።»

ወደ መጋረጃው ስትመለስ ዐይኗ ወደ መደርደሪያው ሄደ። «እነዚህስ? ይሸጣሉ?»

«አይሸጡም። ቀዮቹ ያንቺ ናቸው።»

«የኔ?»

«የየሳምንቱ ግቤ ነሽ፤ አንቺን ባየሁ ቁጥር አንድ እጥላለሁ።»

ብርጭቆውን አውርዳ ወደ ብርሃኑ አነሣችው። «ይኼ ሁሉ? መቼ ነው ያየኸኝ?»

«ማታ ማታ። ስትተኚ።»

ከድጃ ዐሰበች። «እኔ ግን አላየሁህም» አለች። በድምፅዋ ወቀሳ አልነበረም፤ ሒሳብ እንደሚያርም ሰው ነበረች። ከዚያም ቁልፎቹን ሁሉ መዳፏ ላይ ገልብጣ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረቻቸው። «እኔ ጋ ይቀመጡ። እኔ ሳይህ አንድ አንድ እሰጥሃለሁ።»

«በል እንግዲህ» አለ አብዶ፣ ክር በጥርሱ እየበጠሰ፤ «ጉቦ የማትበላ ዳኛ ተሾመችልህ።»

አዲስ ለመስፋት ጨርቁ አልበቃም፤ ጣቃው ለደንበኞች አልቋል፤ የሰው አደራ ቆርጦ ለልጁ ማልበስ ደግሞ ሰዒድ የሚያደርገው ነገር አይደለም። የወይዘሮ አማከለችን ሱሪ ጨርሶ ሸኛቸው። ከዚያ የጉርዱን እጥፋት ፈትቶ አወረደው። ለእጅጌዎቹ ከሌላ ትምህርት ቤት ልብስ የተረፈ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቁራጭ አገኘ፤ ከውሃ ሰማያዊው ሸሚዝ ጋር ባይስማማም በየእጅጌው ጫፍ መቀነት አድርጎ ቀጠለው።

ከድጃ አልሄደችም። እንደ ድሮው ከመኪናው ሥር መግባት ባትችልም አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ አወራች። ጉልበቱን መታ ስታደርገው መዘውሩን አቆመ። ጓደኛዋ ኦብሴ ቤት ቀይራ ሄዳለች። ክረምቱን ብስክሌት መንዳት ለምዳለች፤ ወድቃም ክርኗ ተልጦ ነበር፤ ጠባሳውን አሳየችው። ጨለማ መፍራት ትታለች። ሰዒድ ሁሉንም ሰማ። የሰማው ሁሉ ግን ያለፈ፣ ያለ እርሱ የሆነና የተጠናቀቀ ነበር፤ ቁስሉ ሽሯል፣ ጓደኛዋ ሄዳለች፣ ፍርሃቱም ማንም ሳያባብላት ለቅቋታል። አጠገቡ ተቀምጣ ሳለች ናፈቀችው።

ሰኞ ጠዋት ሱቁን ለአብዶ ትቶ እጇን ያዘ። በለቡ መንገድ፣ በአሸዋ ክምርና በጅምር ቤቶች መካከል፣ ከድጃ ፈጥና ትራመዳለች፤ እርሱ እርምጃዋን ስለማያውቅ አንዴ ይቀድማታል፣ አንዴ ወደ ኋላ ይቀራል።

«አባ» አለች ድንገት። «ትናንት እውነትህን ነው አይደል? አላወቅኸኝም።»

«ፀሐዩ ከኋላሽ ስለ ነበረ…» ብሎ ጀመረ። ተወው። «አላወቅሁሽም» አለ።

አንዱን የአሸዋ ክምር ዞረው አለፉ።

«ገብቶኝ ነበር» አለች። «እየቀለደ ነው ያልሁት እትዬ እንዳይስቁብህ ብዬ ነው።»

ሰዒድ የያዘውን እጅ ጠበቅ አደረገው። ከትምህርት ቤቱ በር ደረሱ። ልጆች ከየአቅጣጫው ይጎርፋሉ፤ ግማሾቹን ያለበሳቸው እርሱ ነው። ከድጃ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ቀይ ቁልፍ አወጣች፤ በጣቶቿ መካከል እያገላበጠች ቀና ብላ አየችው። እርሱም ሳያስበው መዳፉን ዘረጋ።

«ዛሬ አይተሽኛል» አላት።

«አይቼሃለሁ።» ቁልፉን መልሳ ጨመረችው። «ሳምንቱ ግን ገና ዛሬ ጀመረ እኮ። እሑድ እሰጥሃለሁ፤ እስከዚያ እንደ ዛሬው ካየሁህ።»

ሮጣም ገባች። ከዚያ ሁሉ ውሃ ሰማያዊ መካከል ሁለት ጠቆር ያሉ የእጅጌ ጫፎች ለጊዜው ተለይተው ታዩት፤ በዐይኑ ተከተላቸው፤ ደወሉ ሲደወል ሰልፉ ዋጣቸው። በኪሱ ያለው ስልክ ጮኸ፤ አብዶ ነው፤ ደንበኞቹ በሩ ላይ ቆመዋል። «መጣሁ» አለው። እንዲህ ቢልም ለጥቂት ጊዜ ከአጥሩ ሥር አልተነቃነቀም፤ የተዘረጋው መዳፉም ገና አልታጠፈም ነበር። እሑድ እጅግ ሩቅ ሆነበት።