በጤና ቅጹ ላይ የጻፍኩት

ከእንግዲህ ፊቴን አይታ «እማዬ» ትለኝ ይሆን? አላውቅም። እሷን መጠየቁንም ፈራሁ።

የልጅ ልጄ የእግር ኳስ በረኛ ናት። እናቷ ለሥራ ርቃ ስትሄድ የአምስት ዓመት ልጅ ሆና ነው የተረከብኳት። የክለቡ ልጆች «ሙጫ» ይሏታል፤ እጇ የገባ ኳስ አይወጣም። እስካለፈው ወር ድረስ ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ቡድን ነበር የምትጫወተው። አሰልጣኟ አዋቂዎች ወደሚጫወቱበት ተጠባባቂ ቡድን ሊያሳድጋት እንዳሰበ የነገራት ቀን ቤቱን በጩኸት ሞላችው። እኔም አገላብጬ ሳምኳት።

ቅዳሜ የተጠባባቂዎቹን ጨዋታ ለማየት ሄድኩ። ቁም ሣጥን የምታህል አጥቂ እየበረረች መጥታ በረኛዋን ስትገጫት፣ ልጅቷ በቃሬዛ ወጣች።

«ይቺ አጥቂ ደግሞ ከየት የመጣች ናት?» አልኩት አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው።

«የዋናው ቡድን ናት እማማ። ከጉዳት ሲመለሱ እዚህ ነው የሚያሟሙቋቸው።»

«በሰው ልጅ ላይ?»

ሰውየው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሰኞ ከክለቡ ሐኪም የጤና ቅጽ መጣ፤ ወደ ተጠባባቂው የምታድግ ልጅ አሳዳጊዋ ሞልታ መፈረም አለባት። መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ ሞላሁት። «በሩጫ ወይም በልምምድ ላይ ራሷን ስታ ታውቃለች?» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። አንድ ጊዜ ስታ ታውቃለች፤ በዘጠኝ ዓመቷ፣ መርፌ ስትወጋ። ነርሷ ከረሜላ ስትሰጣት ተነሣች፤ ይኸው ነው። እኔ ግን «አዎ፣ ስትሮጥ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ዓመት ከእኩዮቿ ጋር ቢያቆዩልኝ ብዬ ነው። ፖስታውን አሽጌ በገዛ እጇ ላክሁት።

በማግስቱ ከልምምድ በጊዜ ተመለሰች። ልቧ እስኪመረመር ሜዳ እንዳትገባ ተከልክላለች። የምርመራው ወረፋ ሦስት ሳምንት ነው፤ የቡድኑ ስም ዝርዝር ደግሞ ዓርብ ይዘጋል።

«እማዬ፣ ስሮጥ ወድቄ አውቃለሁ እንዴ?»

«ትንሽ ነበርሽ፤ አታስታውሺውም» አልኳት።

ይኸው፣ ሁለተኛ ውሸት።

ኳስ ፊቷ ላይ ሲመጣ ዓይኗን የማትጨፍን ልጅ፣ ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ ደረቷን መያዝ ጀመረች። ገበታ ላይ ሁለት ጣቷን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች የልብ ምቷን ትቆጥራለች።

«ሰማንያ ስድስት ብዙ ነው እማዬ?»

«ብዪ ይልቅ፣ ይቀዘቅዛል።»

ሦስት ቀን እንዲህ ስትሆን እያየሁ አፌን አልከፈትኩም።

ዓርብ ጠዋት አላስችል አለኝ። ሐኪሙ ቢሮ ሄጄ፣ የልጅ ልጄ ሊሆን በሚችል ጎረምሳ ፊት አንገቴን ደፍቼ ተናዘዝኩ።

«እማማ፣ የፈረሙበትን በቃል መሰረዝ አልችልም» አለኝ ዝግ ብሎ። «ነገ አንድ ነገር ብትሆን የምጠየቀው እኔ ነኝ። ምርመራው ይደረግ።»

«ቦታዋስ?»

«ትናንት ሌላ በረኛ ተመዝግባለች።»

ቤት ስደርስ ሙጫ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ነበር። እንደቆምኩ ነገርኳት፤ መርፌውን፣ በቃሬዛ የወጣችውን ልጅ፣ የጻፍኩትን፣ ሌላ በረኛ መግባቷን፣ ሁሉንም። ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ልቤ ደህና ነው ማለት ነው?»

«ደህና ነው የኔ እናት። ምንም የለብሽም።»

እፎይ ብላ ተነፈሰች፤ ፈገግም አለች። እኔ ሞኟ ይቅር ያለችኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ፈገግታው ከፊቷ ሳይጠፋ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ስቆጥር እያየሽኝ?»

«ፈርቼ ነው» ልላት ነበር። ልጅቷን ስታስፈራ ከከረመች ሴት አፍ ይህ እንዴት ይወጣል? የዘረጋሁትን እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ቀሚሴን አሻሸሁበት።

ተነሣች። ሹራቧን ለበሰች። በአጠገቤ ስታልፍ ልብሷ እንኳ እንዳይነካኝ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ አለፈች፤ በሩን ከፍታ ወጣች።