የሺፋ ኒካህና የሁመድ ሳር

ሁመድ ጠዋት "አንዴ አይቼው ልምጣ" ብሎ እንደወጣ ቀረ። በልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ድንኳን ተጥሎ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ሙሽራው ሙደሲር ሱፉ ውስጥ እየላበ፣ ኒካህ የሚያስሩት ሸህ አብዱልጀባር ሰዓታቸውን እያዩ፣ የሙሽሪት አባት የለም! ያለ አባት ደግሞ ኒካህ እንዴት ይታሰራል? ወሊዩ፣ ልጅቱን የሚድራት፣ እሱ ነው። ሲደወልለት "መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ" ይላል፤ ከጀርባው ግን ውሃ ሲንፏፏ ይሰማል።

ሚስቱ ሀሚዳ እርር ድብን አለች። የት እንዳለማ ታውቃለች፤ የሚሠራበት የጎልፍ ሜዳ ላይ ነዋ! የሌላዋን ባል ሴት ትቀማታለች፤ የእሷን የቀማት ሳር ነው።

ሳሩስ ቢሆን ደህና ሳር መሰላችሁ? ኳሱ ጉድጓድ የሚገባበት፣ ተላጭቶ ተላጭቶ ስጋጃ የመሰለ፣ እነሱ "ግሪን" የሚሉት ነው። ከብት አይበላው፣ ሰው አያርፍበት! ዘንድሮ የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ግንቦት ሲያነድ ሁመድ እንቅልፍ አጣ። ቀትር ላይ ውሃ ካላርከፈከፉለት ይቃጠላል፤ ካበዙበት ደግሞ ሥሩ ይበሰብሳል። ሀሚዳ ይህን የመሰለ ነዝናዛ ልጅ እንኳ አላሳደገችም።

"በስልክ ውክልና ይስጠኛ! እኔ አጎቷ አለሁ አይደል?" አለ የሁመድ ወንድም በከር። ሸሁም ይቻላል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሙሽሪት ሺፋ ይህን ስትሰማ የተኳለ ዓይኗን በእንባ አበላሸችው። "አባቴ በሕይወት እያለ ሌላ ሰው አይድረኝም!"

ሀሚዳ አዲሱን ቀሚሷን ሰብስባ ኮንትራት ታክሲ ያዘች። መንገዱን ሙሉ ባሏንም፣ ሳሩንም፣ ጎልፍ የሚባለውን ጨዋታ ያመጣውንም ሰው ስትራገም ደረሰች። ሁመድ የሠርግ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ የውሃ ጎማ ይዞ ቆሟል።

"አንተ ሰውዬ! ጤና የለህም?"

"መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቆመ፣ የቀረኝ ይሄ የቧንቧ ጎማ ብቻ ነው፣ ሀሚዳዬ። ረዳቴ ቤካም ለቅሶ ሄዶ ብቻዬን ነኝ። ነገ ውድድር አለ። እይው እስኪ፣ የረገጥኩት ሳር ሁሉ ተኝቶ ቀረ፣ ውሃ ጠምቶት አልነሳ አለኝ። ዘንድሮም ከተቃጠለ እንደሚያባርሩኝ ነግረውኛል።"

"ልጅህስ?"

"ወላሂ አሁን ልጨርስ ነው" አለ። ዓይኑ ቀልቷል። ምን ሊጨርስ! አንዱን ጫፍ ሲያርስ ሌላው ይደርቅበታል።

ሀሚዳ በጎማው ብትገርፈው ደስ ባላት። ግን ሺፋን ያስተማረው፣ የዛሬውንም ድግስ የደገሰው ይኸው የተረገመ ሳር ነው። እሱ ቢሄድ የሚጎዳው እንጀራቸው፣ ቢቀር ልጃቸው። ምን ዓይነት ጣጣ ነው፣ ያ ረቢ!

"አምጣው!" አለችው።

"ምኑን?"

"ጎማውን! ሸሁ የሚፈልጉት አንተን ነው፣ እኔን አይደለም። እኔ አጠጣለሁ፣ አንተ ልጅህን ዳር።"

"አንቺ እናቷ... ኒካሁን ሳታይው?"

"ሂድ አልኩህ! ታክሲው ቆሟል!"

ሁመድ ሮጠ። መሃል መንገድ ላይ ዞር ብሎ "እንዳታጥለቀልቂው! እርጥብ ይበል ብቻ!" ሲላት "ወግድልኝ!" ብላ ጮኸችበት።

ታኮ ጫማዋን አወለቀች፤ ሳሩን ብትበሳሳው ሰውዬው ያብዳል። ሂና በተቀባ እጇ ጎማውን ይዛ ከጫፍ ጫፍ ታርከፈክፍ ጀመር። ፀሐዩ አናቷን ጠበሳት። ልጇ ስትዳር እሷ ሳር ታጠጣለች! ማን ያምናታል?

በመጨረሻ በከር ደወለ፤ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል አጣበቀችው። መጀመሪያ የሸሁ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ሁመድ እያለከለከ "ልጄን ሺፋን ድሬልሃለሁ" ሲል ሰማች። ሙደሲር "ተቀብያለሁ" አለ። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ።

ሀሚዳ ሜዳው መሃል ብቻዋን ቆማ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እልልታዋን አቀለጠችው። ማዶ ሁለት ተጫዋቾች ዱላቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

"ምን ታያላችሁ? ልጄን እየዳርኩ ነው!" አለቻቸውና ወደ ደረቀው ጫፍ ዞረች።