አክስቴ ያወጣችው ሕግ

አክስቴ የስፖርት መምህርትና የትምህርት ቤቶች ውድድር ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት። አድልዎ ስትጠላ ለጉድ ነው። የጨዋታ ፕሮግራም ስታወጣ፣ ሰው አፉን እንዳይከፍትባት ብላ የራሷን ትምህርት ቤት ሁልጊዜ በቀትር ፀሐይ ታሰልፋለች። አብረውን የሚቃጠሉት ተጋጣሚዎቻችን ግን ይህ ፍትሕ እስካሁን አልገባቸውም።

እናቴ የመንገድ ቀያሽ ናት። ዘንድሮ ሩቅ ቦታ ስትመደብ ሻንጣዬንና የበረኛ ጓንቴን ይዤ አክስቴ ቤት ገባሁ፤ ትምህርት ቤትም ወደ እሷው ቀየርኩ። የመጨረሻ ዓመቴ ነው፤ ከዚህ ወዲያ የትምህርት ቤት ኳስ የለም። ቡድናችን ለዋንጫ ሲደርስ እኔ ዳር ተቀምጬ ጥፍሬን እበላለሁ። ለምን? ትምህርት ቤት የቀየረ ተማሪ ዓመት ሙሉ አይሰለፍማ! ሕጉን ያወጣችው ማን ሆነችና? አክስቴ!

ያወጣችውም ለዋንጫ የምንገጥመውን ቡድን አሰልጣኝ አደብ ለማስገዛት ነው። ሚስማር ይሉታል፤ ቀጭን ነው፣ ደግሞም አንዴ ከያዘ አይነቀልም። በጫማና በማሊያ እያባበለ የሰው ተጫዋች ይወስድ ነበር።

ራት ላይ ለመንኳት።

«ቤቴ ውስጥ አቤቱታ አልቀበልም» አለች፤ «ለኮሚቴው አቅርቢ።»

አቀረብኩ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በስፖርት ዕቃ ክፍል፣ በመረብና በተነፈሱ ኳሶች መካከል ነው። እኔም በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

«የእህቴ ልጅ ስለሆነች ድምፅ አልሰጥም» አለች አክስቴ። «ሕጉ ግን ሕግ ነው።»

ያኔ ሚስማር ተነሣ፤ እሱም የኮሚቴው አባል ነው። አለቀልኝ አልኩ።

«ልጅቷ ትጫወት» አለ።

አክስቴ አፈጠጠችበት። «አንተ? ደግሞ ምን አስበህ ነው?»

«እናቷ ስትዛወር ምን ታድርግ? የእኔም አጥቂ እንደሷው ታግዳ ዳር ተቀምጣለች። አባቷ ሥራ ቢቀይር ነው ወደ እኛ የመጣችው። ያኔ ብነግርሽ ‹ሰበብህን ለሌላ› አልሽኝ።»

«እውነትህን ነበር እንዴ?»

«አንድ ቀን እውነት ብናገር ማን ይመነኝ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አክስቴ ግን አልሳቀችም፤ ፊቷ ቀላ።

«እንግዲያው ለእሷ ብቻ የሚባል ነገር የለም» አለች በመጨረሻ። «ወላጁ ሥራ ቀይሮ የመጣ ሁሉ፣ ማስረጃ እስካመጣ ድረስ ይሰለፍ። ድምፅ ስጡበት።» ብላ ወጣች። ሁሉም እጅ አወጣ። እኔ በደስታ የማደርገው ጠፍቶኝ ሚስማርን አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩበት።

ዋንጫው በቀትር ተጀመረ፤ እንዴታ! ሁለት ያለቀላቸው ኳሶች አዳንኩ፤ ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ሊያበቃ ሲል ያች የሚስማር አጥቂ ተከላካዮቻችንን አልፋ ብቻዋን መጣችብኝ። ወደ ቀኝ ዘለልኩ። ኳሱ በግራ ገባ።

ተሸነፍን። መሬት ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አክስቴ ስትመጣ ልታነሣኝ መስሎኝ እጄን ብዘረጋ፣ አልፋኝ ወደ አጥቂዋ ሄደች።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለቻት። «ዓመትሽን በልቼብሻለሁ።»

አክስቴ ይቅርታ ስትል ሰምቼ አላውቅም። እንባዬ ቀጥ አለ።

«ቲቸር፣ ጎሉ ክሶኛል» አለች ልጅቷ፣ ላቧን እየጠረገች።

አክስቴ አቀፈቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ለእኔ ይቅርታ የሚባል ነገር የለም።

«አንቺ ደግሞ» አለችኝ፣ «ኳሱ በግራ ሲመጣ በቀኝ በኩል ምን ጠፍቶሽ ነው?»